ስልኬ ጮክ ብሎ ሲያነብ

ከከዚራ ሳቢያን ባጃጅ እነዳለሁ። ስልክ እያየሁ መንዳት አይሆንም፤ ድሬ መንገድ ላይ ፍየልም ሕፃንም ድንገት ይገባል። ስለዚህ መልእክት የሚያነቡ መተግበሪያዎችን ሞከርኩ።

የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ላይ ጎበዝ ነው። የባለቤቴ «ሽንኩርት ይዘህ ና» ሲመጣ ግን ስሟን ብቻ ጠርቶ ዝም! በላቲን ፊደል ስትጽፍማ እንደ ፈረንጅ ያነበዋል። ተሳፋሪዋ በሳቅ ሞተች።

አሁን የምጠቀመው ኢስፒክ ኤንጂ (eSpeak NG) የሚባለውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ የሚቀይር መተግበሪያ ነው። ነፃ ነው፣ አማርኛ በፊደላችን ያነባል። ድምፁን ከሰው ቅጂ ሳይሆን በስሌት ስለሚፈጥረው ሮቦት ሮቦት ይላል። አቦ፣ ይሁን! ለአሮጌው ስልኬ አልከበደውም። ብቻውን ግን ድምፅ እንጂ አንባቢ አይደለም፤ ማሳወቂያ የሚያቀብለው ሌላ መተግበሪያ ይፈልጋል።

ድምፁንም በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ነው የምሰማው። በፊት ጮክ ብሎ ሲያነብ የዕቁብ ዕዳዬን ሦስት ተሳፋሪ ሰምቶታል።