ላስቲክ ልቀንስ ብዬ ያመጣሁት ጣጣ

ይህን የምጽፈው ፋርማሲ ላላችሁ ወይም ለመክፈት ላሰባችሁ ነው። አንድ ሰው ቀደም ብሎ «ተይ፣ የባዶ መድኃኒት ዕቃ መሰብሰቢያ ሳጥን እንዳታስቀምጪ» ቢለኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። የሚለኝ ግን አልነበረም።

ፋርማሲዬ ቸርችል ጎዳና አካባቢ፣ ከጥቁር አንበሳ ወረድ ብሎ ናት። ጠባብ ናት። ሦስተኛ ደንበኛ ከገባ በሩ አይዘጋም። የምንሠራው እኔና አንዲት ረዳቴ ነን። ስለ ላስቲክ ማሰብ የጀመርኩት አንድ ማታ ቆሻሻ ሳወጣ ነው። ካርቶኑን ለይቼ አስቀመጥኩ። የቀረውን ሳየው በሙሉ ላስቲክ ነው። ባዶ ስትሪፕ (ኪኒን ተደርድሮ የሚታሸግበት ቅጠል)፣ የሽሮፕ ጠርሙስ፣ አንድ ሺህ ፍሬ የሚይዘው ነጩ የኪኒን ዕቃ፣ ኪኒን ቆጥረን የምንሰጥባት ዚፕ ያላት ትንሽ ላስቲክ፣ እሷ ራሷ ታሽጋ የመጣችበት ሌላ ላስቲክ። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ቆሻሻው የት እንደሚሄድ ያውቃል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ ነው ያለቀው።

ፌስታሉን መተው ቀላል ነበር። «ቦርሳዎ ውስጥ ላድርገው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል። ለካ ሰው ስለፈለገ ሳይሆን እኛ ስለለመደብን ነበር የምንሰጠው። መድኃኒቱ እንዳይታይበት የሚፈልግ ሰው ግን ሁሌም አለ። ለእሱ ካኪ የወረቀት ከረጢት ከባንኮኒው ስር አስቀምጣለሁ፤ ሳይጠይቀኝ እሰጠዋለሁ። በነገራችን ላይ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ ፌስታል ከልክሎ ነበር። እኛ በዚያችው ስስ ፌስታል ስንት ዓመት ኖርን። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታል የሚከለክለውን አዲሱን አዋጅ ሲያጸድቅ እኔ ፌስታል ከተውኩ ወራት አልፎኝ ነበር። ኮራሁ፣ አልዋሽም።

ነጩን የኪኒን ዕቃ ቆራሌው ደስ ብሎት ይወስዳል። የሰፈሩ እናቶችም ይፈልጉታል፣ ለበርበሬ። እኔ አልሰጥም። የመድኃኒት ብናኝ በውሃ ታጥቦ ሙልጭ ብሎ ይወጣል የሚል እምነት የለኝም። እዚህ ላይ ከአንዲት እናት ጋር ተኳርፈናል፤ አሁንም ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው። ለቆራሌው ስሰጥም ወረቀቱን ልጬ፣ ክዳኑን ለይቼ፣ ጎኑን በስቼ ነው። ያልተበሳ ዕቃ ማን ምን እንደሚሞላበት አይታወቅም።

ቀጥሎ ያችን ዚፕ ያላትን ላስቲክ በወረቀት ፖስታ ተካሁ። ትልቅ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ወረቀት ላይ ስክሪብቶ ይጽፋል። ላስቲኩ ላይ የጻፍነው «ጠዋትና ማታ» በእጅ ሲታሽ ይጠፋል። ሦስት ወር ያለችግር ሄደ። ከዚያ ክረምት ገባ።

ሐምሌ ላይ ጡረታ የወጡ አንድ ደንበኛዬ መጡ። የአስፕሪን ፖስታቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ የልብ ነው የሰላጣ?» አሉኝ። ከፈት አድርጌ አሸተትኩት። ኮምጣጤ! አስፕሪን እርጥበት ሲያገኘው ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አሲድ ወደሚባሉ ነገሮች ይፈርሳል። ሁለተኛው ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ነው። ይህን እኮ ተምሬዋለሁ። ተፈትኜበታለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ። ግን ፖስታው አምሮኝ ረሳሁት።

ስለዚህ ከኔ የምትወስዱት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። መድኃኒቱን የነካውን ላስቲክ አትንኩ። እሱ የመድኃኒቱ አካል ነው። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ከስትሪፑ ከወጣ እርጥበት ስቦ ይጣበቃል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የሚውጠው መድኃኒት ነው፣ ቀልድ የለበትም። ለልብ ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ከላስቲክ ጋር አይስማማም፤ ላስቲኩ መድኃኒቱን ይመጠዋል። ስለዚህ የሚኖረው በመስታወት ነው። ስትሪፕ ስትቆርጡም ማብቂያ ቀኑ ከታተመበት ጫፍ አትጀምሩ። ቀን የሌለው ቁራጭ ነገ ራሱ ቆሻሻ ነው። የሽሮፑን መለኪያም «ቤት ማንኪያ አለ» ብላችሁ አታስቀሩ። የቤት ማንኪያ ሁሉ አንድ አይደለም፣ የሚጠጣው ደግሞ ሕፃን ነው።

አሁን ወደ ሳጥኗ ልምጣ።

የካርቶን ሳጥን ናት። በሩ አጠገብ አስቀመጥኳትና በሰማያዊ ማርከር «ባዶ የመድኃኒት ዕቃ እዚህ ይጣሉ» ብዬ ጻፍኩባት። ሰው የኔን መድኃኒት ጨርሶ ባዶውን ሲመልስ ታየኝ። ሰብስቤ ለቆራሌው ልሰጥ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት እንዳሰብኩት ሆነ። ደንበኛው «ጎበዝ» አለኝ። አንዱ ፎቶ አነሳት።

ቆራሌው ሲመጣ ከሳጥኗ የሰበሰብኩበትን ከረጢት ዘረገፍኩለት። ጠርሙሶቹን ለየ። አንድ ባዶ ስትሪፕ አነሳና ወደ ብርሃን ይዞ አገላብጦ አየው።

«ይሄ ላስቲክ ነው ቆርቆሮ?»

«ሁለቱም ነው» አልኩት። ፊቱ ፒቪሲ የሚባል ላስቲክ ነው፣ ጀርባው አልሙኒየም።

«እንግዲያስ ሁለቱም አይደለማ» አለና ወረወረው። «እትዬ፣ ይሄን ምናለሽ ተራ ብወስድ ይስቁብኛል።»

እልህ ያዘኝ። ያን ማታ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩና ልለያየው ሞከርኩ። አልሙኒየሙን በጥፍሬ ከጠርዙ አነሳዋለሁ፣ ትንሽ ይመጣና ይቀደዳል። ደግሞ ከሌላው ጠርዝ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሰባት ስትሪፕ ላጥኩ፣ አውራ ጣቴ ቆሰለ። የግቢያችን ዘበኛ ሲያየኝ አዘነልኝ መሰለኝ፣ በማግስቱ አንድ ከረጢት ወስዶ በርሜል ውስጥ ለኮሰው። ጭሱ ጉሮሮ ይዘጋል። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፣ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝም ይፈጥራል። ሮጬ ውሃ ደፋሁበት። እሱ እስካሁን ያበድኩ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ወሳጅ እንደሌለው አውቄያለሁ። ግን ሰው «ጎበዝ» ብሎኛል፣ ፎቶ ተነስታለች። ሳጥኗን ማንሳት አፈርኩ።

በሁለተኛው ወር ባዶ ዕቃ መምጣቱ ቀነሰ። የሚመጣው ግማሽ የተጠጣ ሽሮፕ፣ የሟች እናት የስኳር ኪኒን፣ ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ ስሙን የማላውቀው ቅባት ሆነ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ቤቱ ያስቀመጠውን መድኃኒት የት እንደሚጥል ግራ ገብቶት ኖሯል። ሳጥኗን ሲያይ መልስ ያገኘ መሰለው። ከረጢቱ ሞላ። ሁለተኛው ተጀመረ። ጓሮ ባለችው መጋዘን፣ ከመጥረጊያው አጠገብ አስቀመጥኩት።

አንድ ሐሙስ ረዳቴ ሳጥኗን ስታራግፍ እጇን ቶሎ ሰበሰበች። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። ዝም ብላ ጣቷን አሳየችኝ። የደም ነጥብ። ሳጥኗ ውስጥ፣ ከስትሪፖቹ ስር፣ ክዳን የሌለው የኢንሱሊን መርፌ ነበር። የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሳጥን ስም አይጠይቅም።

በሳሙናና በውሃ አስታጠብኳትና በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ከተወጋችሁ በኋላ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በሆነ መጠን ደግሞ የተሻለ ነው። 28 ቀን ይዋጣል። ዋጠችው። ያቅለሸልሻታል፣ ምሳ ትተዋለች፣ ሥራ ግን አንድ ቀን አልቀረችም። አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ምርመራው ሁሉ ነጻ ወጣ። እሷ ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ።

ተቆጣጣሪዎቹ የመጡት እሷ መድኃኒቷን ሳትጨርስ ነው። ሁለት ናቸው። መደርደሪያውን አዩ፣ የፍሪጁን ሙቀት አዩ፣ ሁሉ ደህና። ከዚያ አንደኛው መጋዘኑን ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አስረዳሁ። ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ቆሼ፣ ስለ ቆራሌው። እንዳስረዳሁት መጠን እያፈርኩ ሄድኩ።

«እህቴ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ግቢሽ ተገኝቷል» አለኝ።

«የሰው ነው፣ የኔ አይደለም።»

«ማን ያስረከበሽ ደብዳቤ አለ?»

የለም። ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። እያንዳንዱ ዕቃ በስም፣ በመጠን፣ በባች (በምርት ዙር) ቁጥርና በማብቂያ ቀን ተመዝግቦ ይቅረብ ተባለ። ሦስት ማታ ቆጠርኩ፣ ብቻዬን፣ ወፍራም ጓንት አድርጌ። ረዳቴን አላስነካሁም። ግማሹ ቁራጭ ስትሪፕ ነው፣ ባችም ቀንም የለው። «ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን የተቀበለው ሰውዬ «ያልታወቀ የሚባል መድኃኒት የለም» ብሎ መለሰልኝ።

ከዚያ ዙረት። አንዱ ቢሮ «ይሄ የጤና ነው» ይላል። ጤናዎቹ «ቆሻሻ ከሆነ የአካባቢ ጥበቃ ነው» ይላሉ። አካባቢ ጥበቃ ያለው ልጅ «መድኃኒት እኮ ነው፣ እኔ ምን ላርገው» አለኝ፤ ቢያንስ ወንበር ሰጥቶኛል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጠጣር መድኃኒት ሲቃጠል ሙቀቱ ቢያንስ 850 ዲግሪ ይሁን ይላል። እኔ ያለኝ የዘበኛው በርሜል ነው። ሁለቱ ከረጢቶች ከአራት ወር በላይ መጋዘኔ ውስጥ ተቀመጡ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ይዘሽ ተገኝተሻል ያለኝ መንግሥት ራሱ ይዤው እንድቀመጥ አደረገኝ። በመጨረሻ ለሚያስወግድ ክፍል ከፍዬ፣ በቃለ ጉባኤ ተፈራርመን ወጣ። ማኅተሙን ለመምታት ብቻ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ።

ተቆጣጣሪው ተሳስቷል አልልም። መርፌው እሱን ቢወጋው ኖሮ ምን እል ነበር? የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በየሥልጠናው «ሕዝቡ መድኃኒት በዘፈቀደ እንዳይጥል አስተምሩ» እንባላለን። የት ይጣል ብሎ እጁን ያወጣ ሰው ግን «ጥሩ ጥያቄ ነው» ተብሎ ወደ ሻይ እረፍት ይኬዳል።

እንግዲህ የምመክራችሁ፣ መመሪያው ምንም ይበል፣ ወሳጁን በጽሑፍ ሳትይዙ ምንም አትሰብስቡ። ደንበኛ የተረፈ መድኃኒት ይዞ ሲመጣ እኔ አሁን አልቀበልም። ወደ ኋላ ሄዶ መድኃኒቱ ለምን እንደተረፈ መጠየቅ ይሻላል። አንዴ አንዲት እናት የሦስት ወር የደም ግፊት መድኃኒት በአንዴ ልትገዛኝ ስትል፣ ሐኪሟ በሚቀጥለው ወር ሊቀይርላት እንደሚችል ነገረችኝ። የአንድ ወሩን ሰጠኋት። ተቀየረላት። ስድስት ስትሪፕ ሳይፈለፈል፣ ሳይጣል ቀረ። ሽያጩም ቀረ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ወረቀት ፖስታዎቹ አልቀው አልተኩም። ቆጥሬ የምሰጠውን አሁንም በዚፕ ላስቲኳ እሰጣለሁ፣ ጽሑፉ እንዳይጠፋ ወረቀት ለጥፌበት። ስትሪፕ ያለውን በራሱ ካርቶን፣ ያለምንም ፌስታል።

ሳጥኗን አልጣልኳትም። ጽሑፉን በነጭ ወረቀት ሸፍኜ የደንበኛ ጃንጥላ ማስቀመጫ አደረግኳት። ባለፈው ሳምንት ማታ ስዘጋ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከተረሳ ጃንጥላ ስር ግማሽ ስትሪፕ አሞክሳሲሊን።