ጠመኔው ያላሳየኝ ስንጥቅ

ባለፈው ቅዳሜ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቼ ደብረ ሲናን አልፌ የጣርማበርን ዳገት በአሮጌዋ የናፍጣ ፒክአፕ መኪናዬ ወጣሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው በር የሚያወጣውን ይህን መንገድ ለአምስት ወር ያህል አልደፈርኩትም ነበር። ደብረ ብርሃን ገብቼ መኪናዋን አሳድሬ በማግስቱ ማለዳ የራዲያተሩን ታፖ ስከፍት ውሃው ከተውኩበት አልጎደለም። ይህን የምጽፈው በዚያ ደስታ ተነሣሥቼ ነው፤ ነገር ግን የተሰነጠቀውን ሞተሬን ለመጠገን የሄድኩበትን መንገድ ማንም እንዲከተለው አልመክርም።

የሙያዬ መተዳደሪያ የፊዚክስ መምህርነት ነው፤ ሞተር መጠገን የጀመርኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዘይትና ፊልትሮ ከመቀየር ተነሥቼ ወደ ፍሬን፣ ከዚያም ወደ ኢንጄክተር ተሻገርኩ። ስለእነዚህ ብዙ የሚነገር ነገር የለም፤ መመሪያውን አንብቦ እጁን ለማቆሸሽ የፈቀደ ሁሉ ይደርስባቸዋል። ቴስታታ፣ ማለትም ናፍጣው የሚቃጠልባቸውን ሲሊንደሮች ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል፣ ግን ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

በጥር ወር ሞተሩ ውሃ መጠጣት ጀመረ። በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ አይታይም፤ ዘይቱም ጥቁር እንደሆነ ነው እንጂ ውሃ እንደገባበት ዘይት ወተት የገባበት ቡና አልመሰለም። ጠዋት ሲነሣ ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ሆኖም በጥር ማለዳ ደብረ ብርሃን ውስጥ ነጭ የማይተነፍስ መኪና ስለሌለ ምልክቱን ናቅሁት። የጎረቤቶቼ መኪኖች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንፋሎት ማውጣት ሲያቆሙ የእኔዋ ግን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መቀጠሏን ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

ያየ ሁሉ «ጓርኒሲዮኑ ነው» አለኝ፤ ከቴስታታው ሥር ገብቶ ውሃና ጋዝ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ስስ ማሸጊያ ማለቱ ነው፤ እኔም አመንኩ። ቴስታታውን አውርጄ ጓርኒሲዮን ቀየርኩ፤ ውሃው መጉደሉን አላቆመም። የተጠቀምኩበት ዕቃ ጥራት የለውም ብዬ ሌላ ገዝቼ ደገምኩት፤ አሁንም ያው ሆነ። ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሥቼ የራዲያተሩን የላይኛውን ማኒኮቶ (የውሃውን የጎማ ቱቦ) በእጄ ጨብጬ ባሰብኩበት ኖሮ ሁለቱንም ጓርኒሲዮን ባላባከንኩ ነበር። ከሲሊንደር ወደ ውሃው የሚያልፍ ጋዝ ካለ ውሃው ገና ሳይሞቅ ማኒኮቶው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጠጥራል፤ ቀዝቃዛ ውሃ በራሱ ግፊት አይፈጥርምና። የእኔ ማኒኮቶ ለስላሳ ነበር። ጨብጬዋለሁ፤ ለስላሳ መሆኑንም አውቄአለሁ፤ ደግ ምልክት ነው ብዬ አለፍኩት እንጂ «እንግዲያው ስንጥቁ ከሲሊንደሩ ውጪ ነው» የሚለውን መልእክቱን አልሰማሁትም።

በዚህ መካከል ነው ከጠመኔ ጋር የተዋደድኩት። ዘዴው አሮጌ ነው፤ ዛሬ ለዚሁ ሥራ በቆርቆሮ የሚሸጠው ቀይ ቀለም ከመምጣቱ በፊት የባቡር ጥገና ቤቶች በብረት ላይ ያለ ስንጥቅን በዘይትና በነጭ ዱቄት ይፈልጉ ነበር። እኔ ደግሞ ጠመኔ የማይቸግረኝ ሰው ነኝ። የቴስታታውን ፊት ከጥቀርሻ አጽድቼ በነጭ ጋዝ አርሼ አንድ ሰዓት አቆየሁት፤ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ አጥብቄ ጠረግሁና የተፈጨ ጠመኔ በአልኮል በጥብጬ በስሱ ቀባሁት። አልኮሉ ተንኖ ፊቱ ነጭ ሲሆን በስንጥቁ ውስጥ የተደበቀው ነጭ ጋዝ ወደ ላይ እየወጣ ጠመኔውን በቀጭን መስመር ያጠቁረዋል። (አንድ ቀን አልኮል አጥቼ በአረቄ ሞከርኩት። ውሃ ስላለበት ቶሎ አይደርቅም፣ ብረቱንም ያዝገዋል፤ የተረፈው ግን አልባከነም።) መስመሩ ቀስ እያለ ሲወጣ የማየትን ያህል ያስደሰተኝ ሥራ የለም። በሁለተኛው ሲሊንደር በሁለቱ ቫልቮላዎች (አየር በሚያስገባውና ጭስ በሚያስወጣው ቫልቭ) መካከል ባለው ጠባብ ድልድይ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ሲታየኝ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ ለተማሪዎቼም ፎቶውን አሳየሁ።

ስሕተቴ ከዚህ ይጀምራል። ጠመኔ ስንጥቅ መኖሩን እንጂ ስንጥቁ ውሃ እስካለበት ድረስ መዝለቁን አይናገርም። በቫልቮላዎች መካከል ያለው ቦታ በናፍጣ ሞተር ላይ እጅግ ስለሚሞቅ በላዩ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች መታየታቸው የተለመደ ነው፤ እስከ ውሃው መንገድ ካልዘለቁና የቫልቮላውን መቀመጫ ካላላቀቁ ብዙዎቹ ለዓመታት ሳይጎዱ ይኖራሉ። ይህን ሳላጣራ ቴስታታውን ወደ ብየዳ ወሰድኩት። ቴስታታው ማግኔት የሚይዝ፣ ጊዛ የምንለው ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ነው። ጊዛ ካርቦን ስለሚበዛበት ሲበየድ ከብየዳው ዳር ያለው ቦታ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማሞቅ፣ በኒኬል ዘንግ አጭር አጭር እያደረጉ መበየድ፣ በመጨረሻም በአመድ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎልኝ፣ ፊቱ ተልጎ፣ ቴስታታው ተገጠመ። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ሊትር ጎደለ።

የታደጉኝ በጋራዥ ሥራ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ ስንጥቁን አግኝቼ አስበይጄዋለሁ፤ ግን ውሃው አሁንም ይጎድላል» ስላቸው፣ «አንተ ያገኘኸው የሚታየውን ነው፤ በል በፈላ ውሃ ጠይቀው» አሉኝ። የቴስታታውን የውሃ ቀዳዳዎች ሁሉ በወፍራም ላሜራና ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማ በብሎን አጥብቀን ዘጋን፤ በአንደኛው ላሜራ ላይም የጎማ ቫልቭ አስገጠምንበት። ከዚያም በርሜል ውስጥ ነክረን ግፊቱ ከ2 ባር ያልበለጠ አየር ሞላንበት። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ አንድም አረፋ አልወጣም። ከበርሜሉ ሥር እሳት አንድደን ውሃው ወደ 80 ዲግሪ ሲቃረብ ከሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ መውጫ ቀዳዳ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው መውጣት ጀመሩ። ስንጥቁ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። ውሃው ወደ ጭሱ መንገድ ስለሚገባ ማኒኮቶውም አይጠጥርም፣ ዘይቱም አይበላሽም። ጠመኔው ፊቱን ብቻ ነበር ያየው፤ እኔም ቀዳዳው ውስጥ ልቀባው አላሰብኩም። ከእንግዲህ በሞቀ ውሃ ያልተፈተነ ቴስታታ አልበይድም፣ አልልግም፣ ጓርኒሲዮንም አልገዛለትም።

ስንጥቁ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በቀዳዳው አፍ አጠገብ ስለነበር በእጅ መሥሪያ ይደረሳል። ሁለተኛ ብየዳ አላሰኘኝም፤ በብሎን መስፋትን መረጥኩ። በመጀመሪያ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ሁለቱን ጫፎቹን በሦስት ሚሊ ሜትር መብሻ በሳኋቸው። ቶርኖ ቤት ከተጣለ የጊዛ ፍሬን ከበሮ ላይ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎኖች አስወጣሁ፤ ተመሳሳይ ብረት ሲሞቅ እኩል ይለጠጣልና። መብሳት፣ በማስኪዮ ጥርስ ማውጣት፣ ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ ቀብቶ ብሎኑን ማስገባት፣ ጫፉን መቁረጥ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ብሎን አንድ ሦስተኛ ገደማ እየነኩ ሁለተኛውን መብሳት ነው። ስድስት ብሎኖች ፈጁ። በበርሜሉ ስንፈትነው አራተኛው ብሎን አረፋ ሰጠ፤ አውጥቼ በአዲስ ተካሁት፤ በሁለተኛው ፈተና ውሃው ጸጥ አለ። ስገጥም የቴስታታውን ብሎኖች ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ደረጃ፣ በጉልበት መለኪያ መፍቻ አጠበቅሁ። «እጄ ያውቃል» የሚል ሰው መኪናዬን አይነካም።

ስለ መንሥኤው ለሰው ሁሉ ስናገር የነበረው ውርጩን ነው። ውሃ ሲረጋ በመጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የአካባቢያችንን የታኅሣሥና የጥር ሌሊትም ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አልተከራከረኝም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የራዲያተሩ ታፖ ጎማ አልቆ ነበር። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ያልታመቀ ውሃ እዚህ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ታፖ ግን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ታፖው ባለመያዙ ከደብረ ሲና በላይ ሞተሩ ፈላ። ያን ጊዜ አጥፍቼ እስኪበርድ መጠበቅ ሲገባኝ፣ መሽቶብኝ ስለነበር ከመንገድ ዳር ምንጭ የቀዳሁትን ቀዝቃዛ ውሃ በጋለው ሞተር ላይ ሞላሁበት። ለተማሪዎቼ ትኩስ ብርጭቆ በቀዝቃዛ ውሃ ለምን እንደሚሰነጠቅ በየዓመቱ አስተምራለሁ።

አሁን ታፖውም፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የማያሳልፈው ቴርሞስታትም አዲስ ናቸው፤ በውሃ ፋንታም ኩላንት ሞልቻለሁ። «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚሉኝን አልሰማም፤ በብርድ አገር ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ናፍጣ ሞተር የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ይውላል። ያለምክንያት ያስበየድኩት የሁለተኛው ሲሊንደር ድልድይ ግን እንቅልፍ ይነሣኛል፤ ጤነኛ የነበረውን ቦታ የነካሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በየማለዳው ሞተሩን አስነሥቼ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ማኒኮቶውን ለሁለት ደቂቃ እጨብጠዋለሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለስላሳ ነው።