«ድሪፍቲንግ»ን በአንድ ቃል አትተርጉሙት

ሐዋሳ ተቀምጬ በትርጉም ነው የምተዳደረው። ይህን የምጽፈው ለጀማሪ ተርጓሚዎች ነው፤ ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሥራው ለጀልባ ነጂዎችና ለዓሣ አስጋሪዎች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ ነው። ዋጋ ተነጋገርን፣ ቀብድ ተቀበልኩ፣ ጀመርኩ። እስከዚህ ሰላም ነበር።

ጣጣው የመጣው «ድሪፍቲንግ» (drifting) በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ በጥቅሉ ሳይነዱት ቀስ እያለ ከቦታው መራቅ ማለት ነው። ሞተሩ የጠፋ ጀልባ ድሪፍት ያደርጋል። ያልታሰረ መረብም ያደርጋል። ሲመሽ ጀልባው ላይ ዓይኑ የሚከደንበት ሰውም እንደዚያው። መግቢያው ላይ ደግሞ፣ ስለ ስምጥ ሸለቆው ሲያወራ፣ አህጉራት ራሳቸው ድሪፍት ያደርጋሉ፤ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ቬገነር እ.ኤ.አ. በ1912 ያቀረበው ሐሳብ ማለት ነው። እኔ እንደየቦታው ተረጎምኩት።

አራሚው ሁሉንም ሰርዞ «መንሳፈፍ» አድርጎ መለሰልኝ። ለምን? የትርጉም መመሪያው «ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል» ይላላ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የወጣውን ዓረፍተ ነገር እዩት፦ «ሞተር ጠፍቶ ጀልባው ከተንሳፈፈ ወዲያው መልህቅ ጣሉ።»

ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርጄ ለአንድ ጀልባ ነጂ አነበብኩለት። በተቆረጠ ጄሪካን ከጀልባው ውስጥ ውሃ እየጨለፈ ነበር።

«ካልተንሳፈፈማ ሰመጠ አይደል እንዴ ወንድሜ?» አለኝ።

«እናንተ ምን ትሉታላችሁ?»

«ነፋስ ወሰደው ነዋ!» ብሎ ጭለፋውን ቀጠለ።

ይህንኑ ጽፌ ላክሁ። የታሰረ ጀልባም ይንሳፈፋል፣ ግን የትም አይሄድም ብዬ አስረዳሁ። መልሱ አንድ መስመር ነው፦ «መመሪያው የጸደቀ ስለሆነ ይከበር።» የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው እኮ! ስልክ ደወልኩ፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም ስብሰባ። በመጨረሻ ጽሑፉ በ«መንሳፈፍ» ታተመ፤ ስሜ እንዳይገባ ብቻ ለመንኩ።

መመሪያው ያላየው ነገር ይኸውላችሁ። በእንግሊዝኛው ባለቤቱ ጀልባው ነው፤ ማን እንደገፋው አይነገርም። በአማርኛ ግን ወሳጁ ይወጣና ጀልባው ተሳቢ ይሆናል፦ ነፋስ ወሰደው፣ ውሃ ወሰደው። ሰውየውንም እንቅልፍ ወሰደው፣ ሐሳብ ወሰደው። ስለዚህ መጀመሪያ «ወሳጁ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወሳጅ የማይነገርበት ቦታ ሌላ ግሥ ፈልጉ። አህጉራት ይራራቃሉ፤ እዚሁ ከእግራችን ሥር የኑቢያና የሶማሊያ የሚባሉት የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች በዓመት በጥቂት ሚሊሜትር እየተራራቁ ነው። ሳይጣሉ የተለያዩ ጓደኛሞችም እንዲሁ ተራራቁ ይባላል። ጎማ እያስጮኹ መኪና የሚያንሸራትቱት ልጆች ግን ራሳቸው ድሪፍት ስለሚሉት እንዳለ ተዉት።

መጨረሻዋ «ኢንግ»ም ታሳስታለች። በእንግሊዝኛ አንድ መልክ ናት፣ በአማርኛ ሦስት ቦታ ትበተናለች፦ ጀልባውን ነፋስ እየወሰደው ነው፤ ነፋስ የሚወስደው ጀልባ፤ በነፋስ መወሰድ አደገኛ ነው። ሁሉንም በ«መ» የሚጀምር ትርጉም ካያችሁ ሰውየው መዝገበ ቃላት ገልብጦ ነው የሄደው።

አንድ ቃል ለአንድ ቃል የሚለው ሕግ ለዕቃ ስም ይሠራል፤ መልህቅ ሁልጊዜ መልህቅ ይሁን። ለግሥ ግን አትቀበሉት፣ የፈለገ ማኅተም ይኑርበት። እኔ አሁን ውል ላይ «የታረመው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለሚጠቀምበት ሰው ይነበባል» የሚል አንቀጽ አስገባለሁ። በዚህ ምክንያት ትተውኝ የሄዱ ደንበኞች አሉ። ይሂዱ።