ፓይለትነቱን ልተው ወይስ ልቀጥል ብዬ የከረምኩበት ነገር

ከበረራ ስራ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አሁን የምኖረው ጅማ ነው፣ የምውለው ደግሞ በአጋሮ መንገድ ጎማ ወረዳ ውስጥ ባለው የአባዬ ቡና ላይ። አልፎ አልፎ የድሮ ባልደረባ ወይ የባልደረባ ጓደኛ ይደውልልኛል፣ ሰላምታው እንዳለቀ ጥያቄው አንድ ነው፣ "እንዴት ወሰንክ?" በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ እስኪ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

በረራ የጀመርኩት በ2003 ነው፣ እዚሁ አገር ውስጥ ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አይሮፕላን ላይ ፈርስት ኦፊሰር፣ ማለትም ረዳት አብራሪ ሆኜ። ጅማን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ያረፍኩባትን ቀን አልረሳም። አባ ሰጉድ ኤርፖርት ወደ 5,500 ጫማ ነው፣ ቦሌ ደግሞ ከ7,600 በላይ፣ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትመጣ ከተነሳህበት በጣም ዝቅ ብለህ ነው የምታርፈው፣ ጠዋት ጠዋት ደሞ ጉሙ ሸለቆው ላይ ተኝቶ ይቆይና ድንገት ሲገለጥ ከስር አረንጓዴ ብቻ ነው የምታየው። አባዬ ከአጥሩ ውጭ ጃኬቱን ለብሶ ቆሞ ነበር። እማዬ ከዛ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ስሟ ቀረ፣ የፓይለቱ እናት ሆነች፣ እድር ላይም ለቅሶ ቤትም እንደዛ ነው የሚጠሯት። ይህን የምናገረው በኋላ ላይ ስራውን ስተው የማን ነገር አብሮ እንደተነካ እንድታዩልኝ ነው።

በ2009 ባህረ ሰላጤው አካባቢ ወዳለ አንድ አየር መንገድ ሄድኩ፣ ኤርባስ 320 ላይ። ስሙን አልጠራም። ደሞዙ ጥሩ ነበር፣ አይሮፕላኖቹም አዲስ ናቸው፣ ሮስተሩ፣ ማለትም የበረራ ተራ ፕሮግራሙ፣ ግን ቀስ በቀስ በላኝ። አብዛኛው በረራ ሌሊት ነው፣ እንደኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ የሰው ልጅ ሰውነት በጣም የሚወድቅበት ነው፣ እኛ ደሞ የምናርፈው ልክ እዛች ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ክፍሌ ገብቼ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ ከዛ ዓይኔ ይፈጣል። ባለቤቴና ልጆቹ ጅማ ናቸው፣ በወር አንዴ ለአራት ቀን እመጣለሁ፣ ከአራቱ ቀን ሁለቱን እተኛለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ "እኔ እኮ እንደ እንግዳ ነው የማስተናግድህ" አለችኝ፣ ተቆጥታ እንኳን አልነበረም፣ ቡና እየቆላች ነው ያለችው።

እንቅልፍ እምቢ ማለቱን ለማንም አልተናገርኩም። ፓይለት የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል፣ ሌላው ላያውቅ ስለሚችል ላስረዳ። የአብራሪነት ላይሰንስህ ያለ ሜዲካል፣ ማለትም ያለ ጤና ምስክር ወረቀት አይሰራም፣ የአየር መንገድ ፓይለት አንደኛ ደረጃ ሜዲካሉን በየዓመቱ ማደስ አለበት፣ ያንን ወረቀት ካጣህ እንጀራህ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ሐኪሙ "እንቅልፍ እንዴት ነው? ጭንቀት አለ?" ሲልህ አፍህ በራሱ "ደህና ነው" ይላል። እኔም ሦስት ዓመት ደህና ነው ስል ኖርኩ። አሁን ሳስበው ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው፣ ለሐኪም ባልናገር እንኳ ለባለቤቴ መናገር ነበረብኝ፣ ለሐኪምም መናገር ነበረብኝ። የእንቅልፍ ችግር በጊዜ ከተያዘ የሚታከም ነገር ነው፣ ዝም ብለህ ተሸክመኸው መቶ ምናምን ሰው ይዘህ ስትበር ግን የአንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ሲመጣ አይሮፕላኖቹ ቆሙ፣ እኛም ያለ ደሞዝ ወደየቤታችን ተሸኘን። ጅማ ገባሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ተኛሁ። ከዛ ከአባዬ ጋር ቡናው ውስጥ መግባት ጀመርኩ፣ አባዬ ጉልበቱን ያመው ስለነበር ዳገቱን እኔ እወጣለታለሁ፣ እሱ ከታች ሆኖ "ያንን ጥላ ዛፍ እየው፣ ቅርንጫፉ ተጭኗል" ይለኛል። ሌሊት ሌሊት እተኛ ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ፣ አባዬ እኔ ልልቀቅ ነው አልኩት። እሱ ምን አለ፣ "ልጄ፣ ደክሞህ ነው የመጣኸው። የደከመ ሰው ፍራሽ ሲያገኝ ከፍራሹ የሚበልጥ ነገር የለም ይላል። መጀመሪያ ጥገብ እንቅልፍ፣ ከዛ ቡናውን በክፉ ወራቱ እየው፣ ከዛ እናወራለን።" እኔ ደስ የሚለው መስሎኝ ስለነበር ትንሽ ከፋኝ። ግን ልክ ነበር።

በ2013 መልሰው ጠሩኝና ሄድኩ። በዛን ጊዜ አንድ ደብተር ገዛሁ። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ሆቴል ወይ ቤት ስገባ ሁለት ነገር ብቻ እጽፋለሁ፣ ዛሬ ምን አስጠላኝ፣ ዛሬ ምን ደስ አለኝ። ምንም ሳላሳምር ለአራት ወር ጻፍኩ። ከዛ ቁጭ ብዬ ሳነበው ገረመኝ፣ ምክንያቱም በረራውን አልጠላሁትም። "ደስ አለኝ" የሚለው ስር ያለው በሙሉ ኮክፒት ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ከጎን በሚነፍስ ነፋስ ማረፍ፣ አንድ ካፒቴን ያስተማረኝ ነገር፣ ፀሐይ ስትወጣ። "አስጠላኝ" የሚለው ስር ደሞ እንቅልፍ፣ ስታንድባይ (ይጠሩኝ ይሆናል ብሎ ተዘጋጅቶ መጠበቅ)፣ የልጄ ልደት አለፈኝ፣ የአባዬ ቀጠሮ አለፈኝ። ማለትም ልልቀቅ የምለው ስራውን ሳይሆን ስራው የሚሰራበትን ኑሮ ነበር። ይህን ሁለቱን ሳይለይ የሚለቅ ሰው በኋላ በጣም ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ችግሩ ሮስተሩ ከሆነ አየር መንገድ በመቀየር ወይ ወደ ማሰልጠኛ በመግባት ሊፈታ ይችላል፣ ለዛ ሲባል ሙያ አይጣልም።

እኔም መጀመሪያ የሞከርኩት እሱን ነው። የቀን በረራ የሚበዛበት ሮስተር ጠየቅኩ፣ አልሆነም። የሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ መለማመጃ) አሰልጣኝ ልሁን ብዬ አመለከትኩ፣ በሁለት መስመር ኢሜይል መለሱልኝ። ወደ አገር ቤት መመለስንም አስቤ ነበር፣ ግን ያኔም ኑሮው አዲስ አበባ ነው የሚሆነው፣ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ አባዬ ደሞ እየደከመ ነው። እዚህ ጋ ነው ጥያቄው የተቀየረው፣ ልብረር ወይስ አልብረር መሆኑ ቀረና የት ልኑር ሆነ።

ከዛ የአባዬን ምክር ተከተልኩ፣ ከመስከረም 2014 ጀምሮ ያለ ደሞዝ የአምስት ወር ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ያኔ ኩባንያው ራሱ ወጪ መቀነስ ይፈልግ ስለነበር ሰጡኝ። ሙሉ ለቀማውን ልስራ ብዬ ነው የመጣሁት። ክፉ ወራቱን አየሁት። ቀይ እሸት ከተለቀመ በዛው ቀን መፈልፈል ወይ ከመሬት ከፍ ባለው ማድረቂያ አልጋ ላይ መውጣት አለበት፣ ካደረ ይበላሻል፣ ለቃሚ ግን በፈለግከው ቀን አይገኝም፣ ሁሉም ሰው እኩል ነው የሚፈልገው። እኔ ደሞ ጀንፈል፣ ማለትም ሳይፈለፈል ከነልጣጩ የሚደርቅ ቡና፣ ብቻ መሸጥ ይበቃናል፣ ጥሩ አድርገን አልጋ ላይ እናድርቅ ብዬ አባዬን አሳምኜው ነበር። ጀንፈል አልጋ ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ በቀን ብዙ ጊዜ መገላበጥ አለበት፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ። ህዳር ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ መጣ፣ ማታ ነው፣ እኔ ጅማ ከተማ ሄጃለሁ፣ ሸራው ለሁሉም አልጋ አልበቃም። ጠዋት ስደርስ አራት አልጋ ሙሉ በሙሉ ርሷል፣ ለማዳን ብንገላብጠውም ሻገተ። አባዬ አንድ ቃል አልተናገረኝም፣ የተበላሸውን ለብቻ እያፈሰ ከረጢት ውስጥ ከተተው። የዛን ዓመት ያገኘነውን ስንደምረው እኔ በሁለት ወር ሳልደክም የማገኘውን አያክልም ነበር።

የሚገርመው ግን ያን ጠዋት ልመለስ አላልኩም። ያልኩት ሸራው ስንት ሜትር ነው የጎደለው ነው። ደብተሩን አውጥቼ አልጋ በአልጋ ቁጥር ሰጥቼ፣ የገባበት ቀን፣ የእርጥበት መጠን፣ የተገላበጠበት ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ፣ ልክ እንደ ሎግ ቡክ፣ እንደ ፓይለት የበረራ መዝገብ። ለራሴ ምልክት የሆነኝ እሱ ነው። አንድ ስራ ጥሩ ቀኑ ላይ ሁሉም ይወደዋል፣ ከስሮም ስለሱ እያሰብክ ከነጋብህ ግን ያ ስራ ያንተ ሊሆን ይችላል።

እንደዛም ሆኖ ወዲያው አልለቀቅኩም። የካቲት ላይ ተመልሼ ከዓመት በላይ በረርኩ፣ ግን አሁን ለምን እንደምበር አውቃለሁ። መጀመሪያ ውሌን አነበብኩ፣ እውነቴን ነው፣ ስፈርም በደንብ አላነበብኩትም ነበር። አየር መንገድ ለአይሮፕላን ስልጠና ካወጣብህ ብዙ ጊዜ ለተወሰነ ዓመት ያስርሃል፣ ቀድመህ ከወጣህ ትከፍላለህ፣ የኔ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶት ነበር፣ ያንን ጠበቅኩ። ቀጥሎ የቤቱን ወጪ ከባለቤቴ ጋር በወር በወር ጻፍነውና ያለ ምንም ገቢ 18 ወር የሚያኖረንን አስቀመጥን። ቡና ገቢው በዓመት አንዴ ነው፣ ደሞዝ የለመደ ሰው ይህን በአእምሮው ያውቀዋል እንጂ ሰኔ ላይ ኪሱ ባዶ ሲሆን ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ማዳበሪያ የለ የመኪና እቃ የለ ሁሉም ተነሳ፣ ያ መጠባበቂያ ባይኖር ኖሮ በዛ ክረምት እሸቱን ገና ዛፍ ላይ እያለ ለነጋዴ መሸጥ ነበረብን።

ሌላው ያደረግኩት መመለሻዬን መጻፍ ነው። ለማረፍ ስትወርድ በደመና ውስጥ ከሆንክ 1,000 ጫማ ላይ አይሮፕላኑ ካልተረጋጋ፣ ፍጥነቱም አወራረዱም ልክ ካልሆነ፣ ጎ አራውንድ ታደርጋለህ፣ ማለትም ማረፉን ትተህ መልሰህ ወደ ላይ ትነሳለህ፣ ትንሽ ልሞክር የሚባል ነገር የለም፣ ምክንያቱም እዛ ከፍታ ላይ ስትደርስ መከራከር እንዳትጀምር አስቀድሞ ነው የተወሰነው። እኔም ከመልቀቄ በፊት ወረቀት ላይ፣ ገንዘባችን ለስድስት ወር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ወይ ባለቤቴ በቃኝ ካለች ወደ በረራ እመለሳለሁ ብዬ ጽፌ ሁለታችንም ፈረምንበት። መመለሱ ደሞ ቀላል አይደለም፣ ቅርብ ጊዜ ያልበረረ ሰው ሲሙሌተር መግባትና ቼክ የሚባለውን የበረራ ፈተና ማለፍ አለበት፣ ብዙ አየር መንገዶችም ሲቀጥሩ የቅርብ ወራት የበረራ ሰዓት ይጠይቃሉ፣ በቆየህ ቁጥር በሩ ይጠባል። ስለዚህ ቀኑ ተጽፎ መቀመጡ ግድ ነበር።

ያልተዘጋጀሁበት አንድ ነገር እማዬ ናት። ገንዘቡን፣ ውሉን፣ ሜዲካሉን፣ ሁሉን አስቤ እሷን መጨረሻ ላይ እነግራታለሁ ብዬ አቆየሁት፣ ግንቦት 2015 ላይ ደብዳቤዬን አስገብቼ ገና ሳልመጣ እድር ላይ አንዲት ሴትዮ "ልጅሽ ተባረረ አሉ፣ አሞት ነው?" ብላ ጠየቀቻት። እኛ አገር ፓይለት በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ ብሎ የሚያምን የለም፣ ወይ ተባሯል ወይ አብዷል ነው። እማዬ በዛ ቀን ቤት ገብታ ለአባዬ እንኳን አልነገረችም። ስመጣ ጎምላላ ልጄ መጣ ብላ የምትቀበለኝ ሴት ዝም ብላ እጄን ይዛ "ምን በደሉህ?" አለችኝ። ማንም አልበደለኝም እማዬ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳስረዳት አደርኩ። አሁን ታውቃለች፣ ግን ከሰው አፍ መስማቷ እስከዛሬ ያመኛል። ለመልቀቅ የምታስቡ ካላችሁ ለቤተሰብ ከደብዳቤው በፊት ንገሩ፣ በተለይ በናንተ ስም ለሚጠራ ሰው።

ስራው አሁን እንዴት ነው ለሚለኝ፣ ከባድ ነው፣ ግን እየገባኝ ነው። ከአሮጌው ቡና ጎን 74110 የሚባል የቡና ዝርያ ተክለናል። ቁጥሩን መጀመሪያ ስሰማ የበረራ ቁጥር ይመስል ነበር፣ ነገሩ ግን የቡና ፍሬ በሽታ በፈረንጆቹ 1971 አገራችን ገብቶ ቡናውን ሲጨርስ በ1974 በሽታውን ከሚቋቋሙ ዛፎች ከተመረጡት አንዱ መሆኑን የሚናገር ነው። እዚሁ ጅማ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በዛ ስራ ውስጥ ነበረበት። አባዬ ያን በሽታ በልጅነቱ አይቶታል፣ ፍሬው ሳይቀላ ጥቁር ሆኖ ሲረግፍ። እሱ ሲያወራኝ እኔ እጽፋለሁ። ሸራ አሁን ለሁሉም አልጋ አለን፣ ትርፍም አለ።

ጠዋት የአዲስ አበባው አይሮፕላን ሲመጣ ድምፁን ከሩቅ እለየዋለሁ፣ ኪው 400 ነው። ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ ናፍቆኝ ነው የማየው፣ መልቀቅ ማለት መርሳት ነው ብሎ የነገረኝም የለም። ሜዲካሌን እስካሁን በየዓመቱ አሳድሻለሁ፣ አዲስ አበባ ሄጄ፣ አሁን ሐኪሙ ስለ እንቅልፍ ሲጠይቀኝ እውነቱን ነው የምነግረው። የዘንድሮው ቀጠሮ ጥር ላይ ነው፣ ልጄ አብሬህ ልሂድ እያለ ነው፣ ለቀማው ካለቀ ይዤው እሄዳለሁ።