ዳቦ የበላችው ዲኤክስ

አባቴን "ዲኤክስዎን ይሽጡ" ያለ ሰው ቤታችን ሁለተኛ ቡና አይቀዳለትም። መኪናዋ በ1983 እ.ኤ.አ. የተሠራች ኮሮላ ናት፤ 1300 ሲሲ፣ ባለ ካርቡረተር፣ ባለ አራት ማርሽ። ችግሩ የአባቴ ግራ ጉልበት ነው። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው መጨናነቅ ፍሪሲዮን ሲረግጡና ሲለቁ ውለው ማታ በቅባት ይታሻሉ። አውቶማቲክ ቪትዝ እንግዛልዎት ብንላቸው "ሞተሯ ምን ሆነና? የሚያስቸግረኝ ካምቢዮው ነው፤ እሱ ይቀየር!" ብለው ፈረዱ።

መካኒካቸው ደግሞ ከእሳቸው የባሰ ደፋር ነው። ለዲኤክሷ ሞተር ዓይነት፣ ቶዮታ "ኬ" ለሚለው፣ የተሠራ ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሶማሌ ተራ ፈልፍሎ አመጣና "ጋሼ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው" አለ። መካኒኮች የራሳቸው ባሕረ ሐሳብ ሳይኖራቸው አይቀርም።

አሮጌው ካምቢዮ ወረደ፤ ፍሪሲዮኑና እሱ የሚያርፍበት ከባዱ የብረት ሰሃን፣ ቮላኖው፣ ተፈቱ። አውቶማቲክ በቮላኖው ፈንታ የሚፈልገው ስስ ባለ ጥርስ ሰሃን ነው፤ እሱ ላይ በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው፣ ዱባ የሚያህለው ቶርክ ኮንቨርተር ይታሰራል። ኮንቨርተሩ ግን አልገጥም አለ። በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ጉድጓድ ውስጥ የማንዋሉ ካምቢዮ ዘንግ የሚያርፍባት ትንሽ ኩሽኔታ ተቀርቅራ ቀርታለች። መካኒኩ ቢጎረጉራት፣ ቢለምናት፣ ቢሰድባት ንቅንቅ አትልም። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "እስቲ ዳቦ ይምጣልኝ" አለ።

እናቴ ክው አለች፤ እንግዳ በቤቷ ተርቦ! ዳቦውን ከሽሮ ጋር በትሪ አቀረበችለት። እሱ ሽሮውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ የዳቦውን ልብ ቦጨቀ፤ በውሃ አራሰና በኩሽኔታዋ ቀዳዳ ይጠቀጥቅ ጀመር። ከዚያም ለቀዳዳው ልክ የሆነ ብረት ሰክቶ በመዶሻ ይመታል፣ ዳቦ ይጨምራል፣ እንደገና ይመታል። እናቴ አማተበች። አባቴ "ይህን ሁሉ ዘመን ቤንዚን ያበላኋት አንሶ!" አሉ። ዳቦው መሄጃ ሲያጣ ኩሽኔታዋን ከኋላዋ እየገፋ፣ እየገፋ ዱብ አደረጋት። እርጥብ ዳቦ አይጨመቅም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሽሮው በማንኪያ ተበላ።

ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ ተስተካክሎ ተበየደ፤ የማንዋል ራዲያተር የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ስለሌለው አንዲት ትንሽ ማቀዝቀዣ ከፊት ተሰቀለች፤ ዲኤክሷም ወጣች። ፍሪሲዮን ቀርቷል፤ የአባቴ ግራ እግር ግን ጡረታ መውጣቱን የነገረው የለም። የነፍስ አባታችንን ጋቢና አስቀምጠን ስንሄድ መብራት ቀላ፤ አባቴ እንደ ልማዳቸው ፍሪሲዮን ረገጥኩ ብለው ሰፊውን የፍሬን ፔዳል በግራ እግራቸው ደቆሱት። ቄሱ በጥምጥማቸው መስታወቱን ተሳለሙ። "ልጄ፣" አሉ ጥምጥማቸውን እያቃኑ፣ "ንስሐ የምትገባበት ነገር ካለ እኔን ሳትገድል ንገረኝ።"

የባሰው የመጣው ባትሪው የሞተ ጠዋት ነው። ዲኤክሷን ገፍቶ ማስነሳት በሰፈራችን ልጆች ዘንድ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው፤ ገና ኮፈኑ ሲከፈት ተሰበሰቡ። ቁልቁለቱን እየጮኹ ገፏት። አባቴ ማርሹን ዲ ላይ አደረጉ፤ ዝም። እንደገና ገፉ፤ ዝም። እየገፉ፣ እየጮኹ ቁልቁለቱ አለቀ።

መካኒኩ ጋ ደወልኩ። "በግፊማ አትነሳም! ዘይቱን ገፍቶ ማርሹን የሚያስይዘው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ካልዞረ ጎማው ቢዞር ምን ዋጋ አለው?" አለኝ። ይህን ያለው የስልኬ ድምፅ ማጉያ ክፍት ሆኖ ነው፤ ልጆቹ ሰምተው ሳቁ።

የልጆቹ አለቃ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። "ጋሼ፣ መውረዱን በነፃ አድርገንልዎታል። ለዳገቱ ግን አምስት መቶ ብር።" አባቴ ተከራክረው ሦስት መቶ አደረሱት፤ ከዚያ በገዛ እጃቸው አንድ መቶ ጨመሩ። ጭማሪው ልጆቹ ሽቅብ ሲገፉ እንዳይስቁ ነው።