የሌሊት ሺፍቱ ክርክር፦ ብሩስ ስፕሪንግስቲን የሰው ዘፈን ሲዘፍን

ብሩስ ስፕሪንግስቲን የራሱ ድርሰት አንድም የሌለበት አልበም አወጣ ብለው የተኳረፉ ሰዎች አውቃለሁ። አብሬያቸው ነው የምሠራው። ፊላዴልፊያ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ባለው ላውንደሪ፣ ሌሊት ሌሊት አንሶላና ጋውን እናጥባለን። ሌሊት ሥራ ላይ ወሬ ሲያልቅ እንቅልፍ ይመጣል፤ ስለዚህ ወሬ እንዲያልቅ አንፈቅድም። ኳሱም ፖለቲካውም የቤት ኪራዩም ይነሳል። በ2022 መጨረሻ ላይ ግን ሌላው ሁሉ ቀርቶ ክርክሩ በዚህ ሰውዬ ላይ ሆነ።

ለማያውቁት፦ ስፕሪንግስቲን በ1949 ኒው ጀርሲ የተወለደ የሮክ ዘፋኝ ነው። የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1973 ነው። ስለ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ከሥራ ስለተባረረው፣ ከትንሽ ከተማ መውጣት ስለሚመኘው ወጣት ሲጽፍ ኖሯል። እኛም ብንሆን ሳናውቀው ሰምተነዋል። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 የአሜሪካ ዘፋኞች ሎስ አንጀለስ ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ዎርልድ»ን ሲቀዱ፣ ያ ጉሮሮ የሚቀድ የሚመስለው ሻካራ ድምፅ የእሱ ነበር። እኔ ያን ዘፈን ልጅ ሆኜ በሬዲዮ ስሰማ ስሙን አላውቀውም፤ ድምፁ ግን ቀረብኝ።

«ኦንሊ ዘ ስትሮንግ ሰርቫይቭ» የተባለው አልበም የወጣው ኖቬምበር 11 ቀን 2022 ነው። አሥራ አምስት ዘፈን አለው፤ ሁሉም የሌሎች ሰዎች፣ አብዛኞቹም የ60ዎቹና የ70ዎቹ የጥቁር አሜሪካውያን የሶል ዘፈኖች ናቸው። ዘፋኙ 73 ዓመት ሞልቶታል። ለዓመታት አብሮት የኖረው ኢ ስትሪት ባንድ፣ ከትንፋሽ ተጫዋቾቹ በቀር፣ እዚህ የለም፤ አብዛኛውን መሣሪያ የተጫወተው ፕሮዲዩሰሩ ሮን አኒዬሎ ነው። ስፕሪንግስቲን ዝም ብሎ መዝፈን ፈለገ። ጠቡ የተነሳው እዚች ላይ ነው።

መጀመሪያ የተቆጣው ማሽኖቻችንን የሚጠግነው ሰውዬ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ከኒው ጀርሲ የሚመጣ፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሰው ነው። ጆን ሌነን በተገደለ ማግስት፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1980፣ ስፕሪንግስቲን እዚሁ ፊላዴልፊያ ስፔክትረም አዳራሽ ሲጫወት ውስጥ ነበርኩ ይላል፤ ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። ቅሬታው አንድ ብቻ አይደለም። ከአልበሙ በፊት በነበረው ክረምት የኮንሰርቱ ትኬት ሲሸጥ፣ ፈላጊ በበዛ ቁጥር ዋጋው ራሱን እየጨመረ፣ አንዳንዱ ወንበር እስከ አምስት ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የዘፈኖቹን መብት በ500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሸጡ ተዘግቧል። «ስለኛ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ አሁን እኛ ኑሮ ሲያንቀን የሚጽፈው አጣ?» ይላል። ቁጣው የክህደት ቁጣ ነው። አልፈርድበትም። ሕይወቱን በእነዚያ ዘፈኖች ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው፤ አባቱ የሞተበትንም ትዳሩ የፈረሰበትንም ዓመት የሚያስታውሰው በአልበም ስም ነው።

ሁለተኛዋ ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፈው የሰሜን ፊላዴልፊያ ሴት ናት። አንሶላው ከመተኮሻው ማሽን ሲወጣ ይፋጃል፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ጫፉን ይዞ ቶሎ ማጠፍ አለበት፣ ካልሆነ የሚቀጥለው ይደርሳል። እሷ የምታጥፈው በዘፈኑ ምት ነው፤ እኔም ተከትያት እለምደዋለሁ። የአልበሙ ስም የተወሰደበትን ዘፈን በመጀመሪያ የዘፈነው ጄሪ በትለር ነው፤ ከኬኒ ጋምብልና ከሊዮን ሃፍ ጋር ጽፎት እዚሁ ከተማችን ተቀድቶ በ1969 ተወዳጅ ሆነ። ጋምብልና ሃፍ በኋላ በ1971 ፊላዴልፊያ ኢንተርናሽናል የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ ያቋቋሙት ሰዎች ናቸው፤ እሷ በእነሱ ሙዚቃ ነው ያደገችው። ዘፈኑ በንግግር ነው የሚጀምረው፦ ፍቅር ያቆሰለው ወንድ እናቱ የነገረችውን ያስታውሳል። ስፕሪንግስቲንም ያችኑ ንግግር ጠብቋታል። የሱ ቅጂ የተከፈተ ሌሊት፣ ንግግሩ ላይ ሲደርስ አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። የሚቀጥለው መጥቶ ተደረበ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«በትለር ሲናገር የእናቱን ድምፅ እየሰማ ነው። ይሄ የበትለርን ድምፅ እየሰማ ነው።»

የመጽሔት ሐያሲ ሁሉ ስለዚህ አልበም ከጻፈው ይልቅ ይህ አንድ አባባል ይበልጥብኛል። ሴትዮዋ ንቀት የላትም፤ ሰውዬው አክብሮ እንደዘፈነ ታምናለች። ነገር ግን ያደገችበት ሰፈር ዘፋኞች ስንቶቹ ሳይከበሩ እንደሞቱ ታውቃለች፤ ነጭ ዘፋኝ ሲዘፍነው ብቻ ዓለም የሚያደንቀው ነገር ያማታል። ደስ ያላት አንድ ነገር ሳም ሙር መጋበዙ ነው፤ ሳም ኤንድ ዴቭ ከተባሉት ሁለቱ የሶል ዘፋኞች አንዱ፣ አልበሙ ሲወጣ 87 ዓመት የሞላው ሰው፣ ሁለት ዘፈን ላይ ገብቷል።

ሦስተኛው የኛው ሰው ነው። ጋሼ ነው የምንለው ሁላችንም፤ አለቃችን ሳይቀር ጋሼ ይለዋል። በወጣትነቱ አስመራ ነበር፤ የቃኘው ጣቢያ አሜሪካኖች ሬዲዮ የሚያሰማውን ሶል እየሰማ ነው የጎረመሰ። በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ዓለማየሁ እሸቴ በዚያው መንፈስ በአማርኛ ሲዘፍን ሲያይ «የኛም ሆነ» አልኩ ይላል። የቴምፕቴሽንስ ዘፈን የነበረው «አይ ዊሽ ኢት ውድ ሬይን» ሲከፈት ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ነው ያወቀው። ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ጭራሽ ፊቱ ጠቆረ።

«ልጄ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ሰው ግን የለበትም። ድራሙን ስማው፣ ላብ የለውም።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሥራ ሲገድለው፣ ትልልቆቹ ባንዶች ሲሳሱ፣ ሳክስፎንና ትራምፔት የሚነፋበትን ቦታ አንድ ኦርጋን ሲይዘው ያየ ሰው ነው። ለሱ ሶል ማለት አንድ ክፍል ውስጥ ተጠባብቀው፣ እየተያዩ፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው እየደገፈው የሚጫወቱት ነው። አንድ ሰው አብዛኛውን መሣሪያ ተራ በተራ ሲቀዳው ያ መተያየት ይቀራል። እኔም ይህን እቀበላለሁ፤ የአልበሙ ትልቁ ድክመት ይኸው ነው። «ሰቨን ሩምስ ኦፍ ግሉም»ን መጀመሪያ ከዘፈኑት ከፎር ቶፕስ ጋር አስተያይቶ የሰማ፣ ልዩነቱን ሙዚቃ መማር ሳያስፈልገው ይሰማዋል።

እንዲያም ሆኖ እኔ አልበሙን እወደዋለሁ፤ ጋሼንም የጀርሲውንም ሰውዬ እሞግታለሁ። ሁለቱም ስለ ድምፁ ዝም ይላሉ። ይህ ሰው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲጮህ ነው የኖረ፤ የኤሌክትሪክ ጊታርና የሕዝብ ጩኸት ላይ ለመውጣት ጉሮሮውን ሲቀድ ነው የኖረ። እዚህ ግን ጊታሩን አስቀምጦ ይዘፍናል። «አይ ፎርጎት ቱ ቢ ዩር ላቨር» ላይ ስሙት፦ ሚስቱን መንከባከብ የረሳ ባል ይቅርታ ነው፤ ዊልያም ቤል በ1968 የዘፈነው። ስፕሪንግስቲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቃሉን እያዘገየ ያወርደዋል፣ የሳም ሙር ያረጀ ድምፅ ከኋላው ይገባል። ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው የሚለምኑት። የሃያ ዓመት ልጅ ያን ዘፈን ቢዘፍነው ያምራል፤ ለዚያ ይቅርታ የረፈደበት ሰው ሲዘፍነው ግን ሌላ ነው።

ሴትዮዋ ያለችውንም ልክ ነሽ እላታለሁ፤ አዎ፣ የበትለርን ድምፅ እየሰማ ነው። እኔ የምወድለትም ይህንኑ ነው። በየሰርጋችን፣ በየአዳራሹ፣ አንድ ኦርጋን ተጫዋችና አንድ ዘፋኝ የጥላሁንን፣ የብዙነሽን ዘፈን ሲጫወቱ እየሰሙ ያደጉ ልጆች አሉን፤ ብዙዎቹ አገር ቤት ሄደው አያውቁም። ጥላሁን በፈረንጆቹ 2009 ሲያርፍ ያለቀሱት እነዚያን ዘፈኖች በሌላ ሰው አፍ ሰምተው ነው። «ዋናው ይሻላል» የሚለውን ክርክር ሁሌም እንሰማለን፣ እውነትም ዋናው ይሻላል። ግን ወደ ዋናው ማን መራቸው? ስፕሪንግስቲን ኒው ጀርሲ ውስጥ ጎረምሳ ሆኖ በሬዲዮ ያሳደጉትን ሰዎች በ73 ዓመቱ በስማቸው ሲጠራ፣ ባለ ዕዳ መሆኑን በአደባባይ ሲናገር ነው የሰማሁት። ይህን ለማድረግ አዲስ ግጥም መጻፍ አይጠበቅበትም።

«ናይትሺፍት» ስትመጣ ብቻ ላውንደሪው ይስማማል። ኮሞዶርስ በ1985 ያወጡት፣ በ1984 ለሞቱት ለማርቪን ጌይና ለጃኪ ዊልሰን ማስታወሻ ነው። እዚያ ላይ የጀርሲው ሰውዬ እንኳ መፍቻውን አስቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል።

በ2025 ጁን ስፕሪንግስቲን ለዓመታት ደብቋቸው የነበሩ ሰባት አልበሞችን፣ 83 ዘፈኖችን፣ በአንድ ላይ አወጣ። የጀርሲው ሰውዬ ታረቀው፤ አሁን ደግሞ «ይህን ሁሉ ለምን ደበቀን?» እያለ ነው።

መስማት ለምትፈልጉ ሴትዮዋ ያወጣችው ሥርዓት አለ፣ እኔም በሱ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የበትለርን፣ የቴምፕቴሽንስን፣ የዊልያም ቤልን ስሙ። ከዚያ የሱን። ድራሙን በተመለከተ ከጋሼ ጋር ትስማሙ ይሆናል። ከሳም ሙር ጋር የዘፈነበት ላይ ግን ከእኔ ጋር እንደምትሆኑ እተማመናለሁ።