«ከሰል ሆኖ ወጣ»

ጥቅምት 2017

የመጀመሪያው ቀን ውጤቴ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ታካሚን ሳላቋርጥ ስንት ሰከንድ እንደምሰማ፣ የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ ጠረጴዛው ሥር አድርጌ ነው የለካሁት። ታካሚው «ዶክተር፣ እኔን የሚያመኝ...» ብሎ ሲጀምር ለቀቅኩት። በዘጠነኛው ሰከንድ «መቼ ጀመረዎት?» ብዬ ጥልቅ አልኩበት።

ነገሩን የጀመርኩት ከንዴት ነው። ቤክማንና ፍራንክል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ጥናት አለ። 74 የሐኪምና የታካሚ ግንኙነቶችን ቀድተው ሰሙ። ሐኪሞቹ ታካሚውን በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ያቋርጡታል። ሳነበው «የፈረንጅ ሐኪም ትዕግሥት የለውም» ብዬ ስቄ ነበር። እኔ ግማሹን እንኳ አልሞላሁም።

ለማታውቁኝ፦ ከደብረ ብርሃን ወጣ ያለ ቦታ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም፤ ማንበብ ግን እወዳለሁ። ዲውቲ ላይ እንቅልፍ ባጣሁበት አንድ ሌሊት ስለ ሪታ ቻሮን አነበብኩ። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያለች የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት። ሕክምናዋን ሳትተው ተመልሳ ተማሪ ሆነችና፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬቷን ያዘች፤ የሠራችው በልብወለድ ደራሲው በሄንሪ ጄምስ ላይ ነው። በ2000 «ናሬቲቭ ሜዲስን» የሚባለውን ፕሮግራም አቋቋመች፤ በ2009 ደግሞ የማስተርስ ትምህርት ሆነ። ሐሳቧ ቀላል ነው፦ ልብወለድ በጥንቃቄ ማንበብ የሚችል ሐኪም የታካሚን ታሪክም በጥንቃቄ ይሰማል። በአማርኛ «ትረካዊ ሕክምና» ብዬ ተረጎምኩትና ለአንድ መሪጌታ ጎረቤቴ ብነግራቸው ሳቁብኝ። «ማዳመጥ ብትለው ምን ይጎድልብሃል?» አሉ።

ኅዳር

ጎን ማስታወሻ ጀመርኩ። ይህም የቻሮን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምራ ተማሪዎቿን ታስጽፋቸው ነበር። ካርድ ላይ የማይጻፈውን ነገር፣ በተራ ቋንቋ፣ ሌላ ደብተር ላይ። እኔ የሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸውን ታካሚዎች ዕድሜና ቀበሌ ቀይሬያለሁ።)

መጀመሪያ የገረመኝ የትርጉሙ ጉዳይ ነው። ታካሚው በአማርኛ ይናገራል፣ እኛ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። በቀን አርባ ሰው የሚያይ ሐኪም በቀን አርባ ጽሑፍ ይተረጉማል ማለት ነው፤ ያውም እየቆመ። አንዷ «ዛልኩ» ትላለች። ሌላው «ታከተኝ»። ሦስተኛዋ «ሰውነቴ ደቀቀ»። ካርዱ ላይ ሦስቱም «ፋቲግ» (ድካም) ናቸው። የዛለ ሰው ትናንት ብርቱ ነበር። የታከተው ግን ሰውነቱ ደህና ሆኖ ነገሩ የሰለቸው ሊሆን ይችላል።

ጊዜም እንዲሁ ይጠፋል። እዚህ አገር ሰው ሕመሙን በወር አይቆጥርም። «ከሚካኤል ማግስት»፣ «ፍልሰታ ሲገባ» ይላል። እኔ «2 ሳምንት» ብዬ እጽፋለሁ። ቀኑ ትክክል ነው። ጾም እንደነበር፣ ሰውየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ እንዳልቀመሰ፣ የጠዋት ክኒኑን እንዳልዋጠ ግን ካርዱ አያውቅም።

ታኅሣሥ

ይህ ወር የግስ ወር ነበር። በጣም ተደስቼበታለሁ፣ ታገሡኝ።

ሮናልድ ሜልዛክ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 የሕመም መጠይቅ አሳተመ። ታካሚዎች ሕመማቸውን የሚገልጹባቸውን ቃላት ሰብስቦ፣ 78ቱን በ20 ምድብ ከፋፈላቸው። ቃሉ ራሱ ምልክት ነው፤ የነርቭ ሕመም ያለበት ሰውና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው የሚመርጡት ቃል ይለያያል። ወዲያው የአማርኛውን መልቀም ጀመርኩ። እስካሁን 31 ደርሻለሁ።

ራስ ይፈልጣል። ጎን ይወጋል፤ ትንፋሽ ሲስቡ የሚብስ ከሆነ ሳንባዬን አዳምጥ ማለት ነው። ሆድ ይቆርጣል፤ መጣ ሄድ የሚል ነው። አጥንት ይቆረጥማል። መግል የቋጠረ ነገርና ጥርስ ይጠዘጥዛል። ደረትን ይጨመድዳል ያለኝን ሰው ወረፋ አላስጠብቀውም። «ይነዝረኛል» ያሉኝ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱ የስኳር ሕመምተኞች ናቸው፣ እግራቸውን ነው። «ይለበልበኛል» ያለችኝ ወጣት ደግሞ በጎኗ ላይ ገና ምንም አልወጣባትም ነበር። ሳማ የነካው ሰው ያውቃታል ያቺን ቃል። በሦስተኛው ቀን በአንድ ጎኗ ብቻ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ መስመር ሠርቶ ወጣ። አልማዝ ባለጭራ። ግሱ ሽፍታውን በሦስት ቀን ቀደመው!

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጣችው ጽሑፍ፣ እንግሊዝኛ ለራስ ምታት ቃል የለውም ብላ ታማርራለች። መንዝ ብትወለድ ኖሮ ይህ ችግር አይገጥማትም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። «ራሴን ያመኛል» ስንል የሚያመው ማነው? የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የለም። ታማሚው ሁልጊዜ ተሳቢ ነው፤ አንድ ስም የሌለው ነገር ይመጣና ያመዋል። ይህን ለመሪጌታ ነገርኳቸው። «ባለቤት የሌለው ሕመም ክፉ ነው፣ የሚያስታምም የለውማ» አሉና ሳቁ። የቅኔ ሰው ፊት ቃል መጣል አይቻልም።

ጥር

ይህኛው ወር ብዙም አልሆነልኝም። አርተር ክላይንማን የሚባል የአእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ታካሚን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ፦ ሕመምህን ምን ትለዋለህ፣ ከምን የመጣ ይመስልሃል፣ በጣም የምትፈራው ምንድን ነው። እሱ ሁለት ነገር ይለያል፤ ሐኪሙ የሚያየውንና ታካሚው የሚኖረውን። ለእኛ ቃሉ ቀድሞም አለ፤ በሽታና ሕመም።

ጥያቄዎቹን ተርጉሜ ሞከርኩ። «ከምን የመጣ ይመስልዎታል?» አልኳቸው አንድ አባት። «እሱን ትነግረኝ ብዬ አይደል በዚህ ብርድ የመጣሁት!» አሉኝ። ሌላዋም እንደዚያው። ሐኪም ሲጠይቅ አላወቀም ማለት ነው።

በአራተኛው ቀን ዘዴ ተገኘ። «ጎረቤት ምን አለዎት?» ስላቸው ጎርፍ ሆነ። ጎረቤት ሁልጊዜ አንድ ነገር ብሏል። ምች ነው ብሏል፣ መጋኛ ነው ብሏል፣ ጠበል ግባ ብሏል፣ «የእገሌም ልጅ እንዲሁ ጀምሮት ነው ካንሰር የሆነው» ብሏል። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ነው። በአፍ የሚወጣው ግን የጎረቤት ሆኖ ነው።

በነገራችን ላይ ቃሉ በከፍታም ይለያያል። እዚህ ደጋው ላይ ከወገብ ሕመም እስከ ሳንባ ምች «ብርድ መታኝ» ነው። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ትኩሳት ሁሉ ወባ ይሆናል።

የካቲት

እሑድ ከሰዓት ከመሪጌታ ጋር ቅኔ መማር ጀመርኩ። ዋሸራ ነው የተማሩት። ክፍያዬ የጉልበታቸውን ሕመም ማየት ነው። ግዕዜ ደካማ ስለሆነ በአማርኛው ጀመሩልኝ። ኅብረ ቃልን አሳዩኝ፤ አንድ ቃል ሁለት ፍች ተሸክሞ ሲቆም ማለት ነው። አንደኛው ሰም ነው፣ ሁለተኛው ወርቅ።

እኔ ሰከርኩ። ታካሚ ሁሉ ባለቅኔ መሰለኝ። «ሆዴ ባባ» ያለው የሆድ ሕመም የለውም፣ «ልቤን» ያለው ጨጓራውን ይዞ ነው የመጣው። ሁሉም ሰም ነው፣ እኔ ወርቁን አወጣለሁ! ለሁለት ተለማማጅ ሐኪሞች ሳይቀር ሰበክሁ።

መጋቢት

ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

ስድሳ ገደማ የሚሆናቸው እናት መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ውስጥ ጥቁር ለብሰዋል። ባላቸው በኅዳር አርፈዋል።

«እማማ፣ ምን ያምዎታል?»

«አንጀቴ አረረ፣ ልጄ። አርሮ አርሮ ከሰል ሆኖ ወጣ።»

ዝም ብዬ ሰማኋቸው። ስለ ባላቸው ነገሩኝ፣ ቤቱ እንዴት እንደጨለመ፣ ምግብ እንደማይጥማቸው፣ ሲነሡ ዓይናቸው ላይ እንደሚዞር። 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አላቋረጥኳቸውም። የእኔ ክብረ ወሰን ነው። እሳቸው ፊት ዓረፍተ ነገሩን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። «አርሮ ከሰል ሆኖ ወጣ»። ምን ዓይነት መስመር ነው! ከሥሩ አሰመርኩበት። አጽናናኋቸው፣ ከሰው ጋር እንዲውሉ መከርኳቸው፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አልኳቸው። ሲነሡ ግድግዳውን ያዙ። ይህንንም ሐዘን ብዬ አነበብኩት።

ኮሪደሩ ላይ ያገኘቻቸው ሲስተር በሩን ከፍታ ገባች። «ዶክተር፣ የእማማን ዓይን ገልጠህ አይተኸዋል?»

አላየሁም። የታችኛውን ሽፋን ሳወርደው ወረቀት ነው፣ ቅንጣት ቅላት የለውም። ሲስተር ዞራ በተራ አማርኛ ጠየቀቻቸው፦ «እማማ፣ ሰገራዎ ምን ይመስላል?»

«ነገርኩትኮ! ከሰል ነው እያልኩት!»

የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን 6.8፤ በጣም ዝቅተኛ ነው። ለጉልበታቸው ከሁለት ወር በላይ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሲውጡ ኖረዋል፣ ሁዳዴ ከገባ ደግሞ በባዶ ሆድ። ይህ መድኃኒት የጨጓራን መከላከያ ያሳሳል፤ ቁስል ሲደማ ደሙ በጨጓራ አሲድና በአንጀት ውስጥ ተለውጦ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። ሪፈር ተልከው ደም ተሰጣቸው፤ በኋላ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) ሲታይ የጨጓራ ቁስል ነበር።

ጎን ማስታወሻውን ለሦስት ሳምንት አልከፈትኩትም።

ለመሪጌታ የነገርኳቸው በሁለተኛው እሑድ ነው። አልተቆጡም። አንጥረኛ ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ ብለው ጠየቁኝ። መጀመሪያ ሰሙን ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ያቀልጠዋል፣ ከዚያ በሰሙ ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። «አንተ ሰም ሳትቀርጽ ወርቅ መሬት ላይ ደፋህ» አሉ። የቅኔ ተማሪም መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰሙ ለብቻው ይቆማል ወይ ተብሎ ነው። ሰሙ የማይቆም ቅኔ ይጣላል።

እንግዲህ አሁን አሠራሬ ይህ ነው። ታካሚው የተናገረውን መጀመሪያ እንዳለ፣ ቃል በቃል፣ ደደብ ሆኜ እወስደዋለሁ። ከሰል ካለ፣ የምን ከሰል? አረረ ካለ፣ ምኑ? የት? ሰውነቱን ነክቼ፣ ዓይኑን ገልጬ፣ ከዚያ ነው ወደ ሌላው የምሄደው። ለተለማማጆቹም ስብከቴን በይፋ ሰርዣለሁ። አንዱ «ታዲያ ሥነ ጽሑፉ ምን ጠቀመ?» አለኝ። የእማማን ቃል ገልብጬ መጻፌ ጠቀመ። ካርዱ ላይማ የጻፍኩት «ዲፕረስድ ሙድ» (የተከፋ ስሜት) ነበር።

ግንቦት

እማማ ተመለሱ። ሄሞግሎቢናቸው 11.2። ቆሎ ይዘውልኝ መጡ። ሰሙን ጨርሼ (ሰገራ፣ ክኒን፣ ምግብ፣ የሆድ ምርመራ)፣ ከዚያ ጉልበታቸው መቼ እንደጀመራቸው ጠየቅኳቸው።

«ለአርባው።»

ለባላቸው ተዝካር ነው። ጠላ ሲጠምቁ፣ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ሦስት ቀን ቆመው ዋሉ። ልጆቹ እናግዝ ሲሉ እምቢ አሉ። «የመጨረሻ መስተንግዶዬ ነው፣ ለሰው አልሰጥም» አሉኝ። ጉልበታቸው አበጠ። ጎረቤት ክኒኑን ሰጠቻቸው። ክኒኑ ጨጓራቸውን አቆሰለ።

ስለዚህ ሐዘኑም ነበረ። በመጋቢት የገመትኩት ቦታ ላይ ግን አልነበረም፤ በጉልበትና በክኒን ዞሮ ነው አንጀት የደረሰው። ይህን ሙሉውን፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ካርዳቸው ላይ በሁለት መስመር ጻፍኩት። «ለጉልበት ሕመም» ከሚለው ጎን «ከተዝካር በኋላ» ብዬ። የሚቀጥለው ሐኪም ይጠቀምበት ይሆናል።

ሰኔ

የሰዓቱ ነገር፦ አሁን በአማካይ 50 ሰከንድ ላይ ነኝ። የገበያ ቀን ወደ 20 ይወርዳል፣ አልዋሽም። ደግሞ የሚገርመው፣ ሰው ካላቋረጡት ብዙም አያወራም። አብዛኛው በአንድ ደቂቃ ተኩል ጨርሶ እኔን ያየኛል።

ግሶቹን በሠንጠረዥ እያሰፈርኩ ነው፤ ግሱ፣ የሰውነት ክፍሉ፣ በመጨረሻ የተገኘው በሽታ። ሲያልቅ አካፍላችኋለሁ። አንዱ ግን አስቸግሮኛል። ከመርሐቤቴ በኩል የመጡ አዛውንት ደረታቸውን ይዘው «ይኮረኩመኛል» አሉ። የምን ኩርኩም? አልኳቸው፤ ሰሙን እየቀረጽኩ። ጣታቸውን አጠፉና ጠረጴዛዬን ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ አደረጉት፤ ትንሽ ቆዩና አንድ ጊዜ ደገሙት። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ሳነሣቸው ምንም የለም። ለነገሩ ባነሣኋቸው ሰዓት አልኮረኮማቸውም። እዚያው መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ የምትሠሩ፣ ይህን ቃል ሰምታችሁት ከሆነ ጻፉልኝ። ሰውየው ማክሰኞ ይመለሳሉ።